አንድ እጅ ያለው ፖሊስ

ባለፈው ነሐሴ እናቴን ልጠይቅ ጉለሌ ገብቼ ነበር። ክረምቱ የበረታበት ሳምንት ነው። ከእንጦጦ የወረደ ጎርፍ ሌሊቱን የጎረቤታችንን የጭቃ አጥር ገፍቶ ጣለውና ሲነጋ ጠብ ሆኖ ጠበቀን፤ «ከላይ ያሉት ሰዎች ቦዩን ወደ እኛ አዙረውብን ነው» የሚል። ነገሩ ሲካረር አንዱ ሮጦ ፖሊስ ጠራ። የመጣው ኮንስታብል ሃያ አምስት ዓመት የሞላው አይመስለኝም። ትሁት ልጅ ነው፤ ገና ከበሩ ላይ ለባለቤቷ አሮጊት ጎንበስ ብሎ «እንደምን አደሩ እማማ» አለ። እማማ የወደቀውን አጥር እያሳዩት «ልጄ፣ እባክህ ከነዚህ ልጆች ጋር ያዝልኝ፣ በጌ ከሥሩ ናት» አሉት።

ልጁ ክላሹን ደረቱ ላይ አንጠልጥሏል። የሚያስቀምጥበት ቦታ በዓይኑ ፈለገ። መሬቱ ጭቃ ነው፤ ሰው ከቦታል፤ ሕፃናት በመካከላችን ይሯሯጣሉ። መሣሪያ ከራሱ ነጥሎ ማስቀመጥ አይችልም፤ ቢጠፋበት መከራውን የሚያየው እሱ ነው። ስለዚህ በግራ እጁ የአጥሩን አግዳሚ ያዘ፤ ቀኝ እጁ ግን ከክላሹ አልተነሳም። እኛ አራታችን በሁለት በሁለት እጃችን፣ እሱ በአንድ እጁ አነሳነው። በጓ ወጣች። የቦዩ ነገር ግን እሱ ባለበት አልተፈታም። ሲጯጯሁ የነበሩት ሁሉ አፋቸውን ዘጉ፤ የጠየቀውን ብቻ በአጭሩ መለሱለት። እሱ ከሄደ በኋላ ሽማግሌ ገብቶ ነው ነገሩ የበረደው።

ለንደን ከተመለስኩ በኋላ ያ አንድ እጅ ከዓይኔ አልጠፋ ብሎኝ ሰነበተ። ምክንያቱ ይሄ ነው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና ላይ ተቀምጠን ሳለ ከእናቶቻችን አንዷ ስለ ቢላ ወንጀል አነሱ። ልጃቸው አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ከእግር ኳስ ልምምድ በሌሊት አውቶቡስ ነው የሚመለሰው። «እዚህ አገር ፖሊሱ ባዶ እጁን ነው የሚዞረው፤ ስለት የያዘ ጎረምሳ ምኑን ይፈራል? እንደ አገራችን ቢታጠቅ እኮ ልጆቻችን በሰላም ወጥተው ይገቡ ነበር» አሉ። ብዙዎቻችሁ ራሳችሁን ነቀነቃችሁ። እኔ ያን ቀን ዝም አልኩ። ዛሬ መናገር እፈልጋለሁ፤ የብሪታንያ የሰፈር ፖሊስ እንዲታጠቅ መጠየቅ የለብንም። እንዲያውም አይሆንም ለማለት ከዚህ አገር ሰው ሁሉ የምንቀድመው እኛ ነን፤ ከክላሽ ሥር ያደግን ነንና።

በእንግሊዝና በዌልስ 147 ሺህ ገደማ ፖሊሶች አሉ። ከነዚህ መሣሪያ እንዲይዙ የሠለጠኑትና የተፈቀደላቸው 6 ሺህ አካባቢ ናቸው፤ ከሃያ ፖሊስ አንድ አይሞላም። ከአገሪቱ ክፍሎች ፖሊሷ ሁሉ የሚታጠቀው ሰሜን አየርላንድ ብቻ ናት። የታጠቁት ክፍሎች በዓመት ከአሥር ሺህ በላይ ጊዜ ይሠማራሉ፤ ጥይት የተተኮሰባቸው አጋጣሚዎች ግን በአብዛኛው ዓመት ሃያ አይሞሉም። በ1829 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሚኒስትሩ ሮበርት ፒል የለንደንን ፖሊስ ሲያቋቁም ሕዝቡ መንግሥት መንገድ ላይ ጦር ሊያሰፍርብን ነው ብሎ ፈርቶ ነበር። ስለዚህ ልብሱን የወታደሩን ቀይ ሳይሆን ሰማያዊ አደረጉት፤ በእጁም የእንጨት ቆመጥ ሰጡት። አገሬው ይህን ፖሊስ የተቀበለው ከወታደር መለየቱን በዓይኑ ስላየ ነው።

ታዲያ እንግሊዝ ይህን ልማድ ለሁሉም አላካፈለችም። አየርላንድንና ቅኝ ግዛቶቿን ያስተዳደረችው በታጠቀ ፖሊስ ነው። ለገዛ ዜጋዋ ቆመጥ፣ ለተገዢው ጠብመንጃ። እኛ ቅኝ አልተገዛንም፤ ግን ከ1933ቱ ነፃነት በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም. ፖሊሳችን በአዋጅ ሲደራጅ አማካሪዎቹና አሰልጣኞቹ የእንግሊዝ መኮንኖች ነበሩ። በእኛው ጉለሌ፣ በጳውሎስ ሆስፒታል አቅጣጫ፣ በእንግሊዛዊው ጄኔራል ዊንጌት ስም የተሰየመ ትምህርት ቤት እስከ ዛሬ አለ፤ ከመካከላችሁ እዚያ የተማራችሁ አላችሁ። ማዕረጉን፣ ሰልፉንና ትምህርት ቤቱን ወረስን። የለንደኑ ኮንስታብል ባዶ እጁን ሰው ደጃፍ ላይ የሚቆምበት ነገር ግን አልደረሰንም።

የሰፈራችን ትልልቅ ሰዎች መሣሪያ በመንደር ሲዞር ምን እንደሚያመጣ ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። ደርግ በ1969 እና በ1970 የቀበሌ አብዮት ጥበቃዎችን ሲያስታጥቅ ጠብመንጃውን የያዘው የጎረቤት ልጅ ነበር። ማን ከማን ጋር ቂም እንዳለው የሚያውቅ፣ የማን በር በየት በኩል እንደሚከፈት የሚያውቅ። ይህን ዘመን እናቴ እስከ ዛሬ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምታወራው።

ወደ እኛ ዘመን ልምጣ። 1997 ዓ.ም.ን አስታውሱ። ከምርጫው በኋላ ሰኔ 1 ቀን አዲስ አበባ ውስጥ ሰልፈኞች ላይ ተተኮሰ፤ በጥቅምት 1998 ደግሞ ተደገመ። ፓርላማው ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሲቪሎች መገደላቸውን፣ 763 ሰዎች መቁሰላቸውን ቆጠረ፤ 6 ፖሊሶችም ሞተዋል፤ እነሱም የሰው ልጆች ናቸው። ከአሥሩ የኮሚሽኑ አባላት ስምንቱ የተወሰደው እርምጃ ከመጠን ያለፈ ነው ብለው ድምፅ ሰጡ። ሰብሳቢው ፍሬሕይወት ሳሙኤልና ምክትላቸው ወልደሚካኤል መሸሻ ይህን ለዓለም የተናገሩት አገር ጥለው ከወጡ በኋላ ነው። ለፓርላማ የቀረበው ሪፖርት ተቃራኒውን ደመደመ።

በዚያው ክረምት፣ ሐምሌ 15 ቀን 1997፣ እዚህ ለንደን ስቶክዌል ባቡር ጣቢያ ውስጥ ፖሊስ አንድ ሰው ገደለ። ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ 52 ሰው ያለቀበት የቦምብ ጥቃት ደርሶ ነበር፤ በዋዜማውም ሌላ ሙከራ ከሽፎ ከተማው በሙሉ ተሸብሯል። ከከሸፈው ሙከራ ተጠርጣሪዎች አንዱ፣ በኋላም የተፈረደበት ሁሴን ኦስማን፣ ኢትዮጵያ የተወለደ ሰው ነው። ፖሊስ አድራሻውን አግኝቶ ሕንፃውን እየተከታተለ ሲጠብቅ ጃን ቻርልስ ደ ሜኔዜስ የሚባል የ27 ዓመት ብራዚላዊ ኤሌክትሪሺያን ወደ ሥራ ሊሄድ ከዚያው ሕንፃ ወጣ። ኦስማን ነው ብለው ተከተሉት። ባቡር ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ጭንቅላቱን ሰባት ጊዜ በጥይት መቱት።

ያን ሳምንት እንዴት እንደዋልን ታስታውሳላችሁ። የሚፈልጉት ሰው መልኩ የእኛን ይመስል ነበር። ቦርሳ በጀርባው አዝሎ ባቡር የሚገባ የሐበሻ ልጅ ሁሉ ሰው ከጎኑ እየተነሳ ሲሄድ አየ። እኔ የሥራ ቦርሳዬን ትቼ ምሳዬን በፌስታል ይዤ ነው የሰነበትኩት። አሁን ልብ በሉ፤ ሜኔዜስን የገደሉት ተራ ፖሊሶች አይደሉም። አገሪቱ ካሏት ሁሉ ይበልጥ የሠለጠኑ፣ ለዚሁ ሥራ ተመርጠው የተለዩ ናቸው። የተሻሉት እንዲህ ከተሳሳቱ፣ ከሥልጠናው ጥቂቱን ብቻ ያገኘ የሰፈር ፖሊስ ጨለማ ውስጥ፣ ኮፍያ አጥልቆ የሚሮጥ አሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሲያይ ምን ያደርጋል? የመንግሥት የራሱ አኃዝ ጥቁር ወጣቶች ከነጭ እኩዮቻቸው በብዙ እጥፍ እየቆሙ እንደሚፈተሹ ይናገራል። ዛሬ ያ ፍተሻ በውርደትና በንዴት ያልቃል። ፈታሹ ወገቡ ላይ ሽጉጥ ቢኖረው ግን አንድ ያልታሰበ እንቅስቃሴ ይበቃል። የእናታችን ልጅ ከቢላው ልጅ ይልቅ ለፖሊሱ ጥይት የቀረበ ነው የሚሆነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውንም አስተያዩት። በ2007 እንደ አውሮፓውያን የለንደን ፖሊስ እንደ ተቋም የሕዝብን ደኅንነት አልጠበቅህም ተብሎ ተፈረደበት፤ 175 ሺህ ፓውንድ ተቀጣ። በቀጣዩ ዓመት የአሟሟቱን ሁኔታ የመረመረው ጁሪ፣ ተኳሹ ከመተኮሱ በፊት የታጠቀ ፖሊስ ነኝ ብሎ ጮኋል የሚለውን ቃል አልተቀበለውም። አንድም ፖሊስ ግን በግድያው አልተከሰሰም፤ ቤተሰቡ ፍትሕ አገኘሁ ብሎ አያውቅም። በ2022 ስትሬተም ውስጥ መኪና ውስጥ ሳለ በፖሊስ የተገደለው የክሪስ ካባ ጉዳይ ደግሞ እስከ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር፤ ተኳሹ በ2024 በጁሪ ነፃ ወጣ። እንግዲህ በዚህ አገር እንኳ፣ እያንዳንዱ ጥይት ተቆጥሮ ፋይል በሚከፈትበት አገር፣ ከተተኮሰ በኋላ የሚገኘው ፍትሕ ይህን ያህል ነው። የእኛን አገር ሟቾች የገደለውን ጥይት ማን ቆጠረው?

ፍርሃታችሁን አላቃልልም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 ማንቸስተር አጠገብ ፊዮና ቦንና ኒኮላ ሂዩዝ የተባሉ ሁለት ሴት ፖሊሶች በሐሰት ስልክ ተጠርተው ሲሄዱ ተገደሉ። በ2017 ኪት ፓልመር ያለ መሣሪያ የፓርላማውን በር ሲጠብቅ በስለት ተወግቶ ሞተ። የፓርላማ በር የሚጠብቅ ሰው ያለ መሣሪያ መቆም እንዳልነበረበት እኔም አምናለሁ። ታጣቂ ክፍል ያስፈልጋል፤ በዚያው ዓመት በለንደን ብሪጅ በደረሰው ጥቃት የመጀመሪያው ስልክ ከተደወለ በስምንት ደቂቃ ውስጥ ሦስቱን ገዳዮች ያስቆሙት እነሱ ናቸው። የማንቸስተሩ ፖሊስ አዛዥ የነበሩት ፒተር ፋሂ ግን የሁለቱ ፖሊሶቻቸው ሬሳ ሳይቀበር ፖሊሳችን እንደ ወትሮው ያለ መሣሪያ ይቀጥላል ብለው ቆሙ። ለዚህ ልብ ያስፈልጋል። እኔ ያን ሰው አከብረዋለሁ።

ለአገር ቤቱ ደግሞ ሌላ የምለው አለኝ። ክላሽ የጦር ሜዳ መሣሪያ ነው። ጥይቱ ከ300 ሜትር በላይ ሄዶ ሰው ይገድላል። ጉለሌን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ከሽሮ ሜዳ እስከ አዲሱ ገበያ ቤቱ በቤት ላይ ተደራርቦ የተሠራ ነው፣ ብዙው ግድግዳ ጭቃና ጭድ ነው። መንገድ ላይ ሌባን የሳተ ጥይት ግድግዳ አልፎ አልጋ ላይ የተኛ ሕፃን ያገኛል። በአንድ ሌሊት መሣሪያ ይፈታ አልልም፤ የአገራችንን ሁኔታ አይቻለሁ፣ ፖሊስም ይገደላል። ግን የአጥር ጠብ ሊያበርድ የሚመጣ ኮንስታብል ክላሽ ለምን ይሸከማል? የትራፊክ ፖሊሶቻችን ያለ መሣሪያ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆመው ይውላሉ፤ ሰው ይታዘዛቸዋል። የሰፈሩን ፖሊስ ከታጣቂው ክፍል መለየት፣ የተተኮሰን ጥይት ሁሉ መመዝገብ፣ ሰው ሲሞት ከፖሊስ ውጭ የሆነ አካል እንዲመረምር ማድረግ፤ ለአገር ቤት ባለሥልጣን እዚህ በመጣ ቁጥር በየአዳራሹ ስለ ቦንድና ስለ ቤት ከምንጠይቀው ጎን ይህንንም ብንጠይቅ እወዳለሁ።

ባለፈው እሑድ ለእኒያ እናት ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። ሰምተውኝ ሲያበቁ «ወንድሜ፣ ነገርህ እውነት ነው። ታዲያ ልጄን ማን ይጠብቅልኝ?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። እንደ አውሮፓውያን ከ2010 ጀምሮ ባሉት ጥቂት ዓመታት እንግሊዝና ዌልስ 20 ሺህ ገደማ ፖሊሶችን ቀንሰዋል፤ ብዙ የወጣት ማዕከላትም በዚያው ዘመን ተዘግተዋል። እዚህ ለንደን በእኛ ሰፈር ልጃቸውን በስሙ የሚጠራ፣ ኳስ ሜዳው ዳር እየቆመ ከልጆቹ ጋር የሚያወራ አንድ ፖሊስ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። በሱ ፈንታ ማንም አልመጣም። በሚመጣው ወር የሰፈሩ ፖሊስ ከነዋሪው ጋር በሚያደርገው ስብሰባ ላይ እኔና እሳቸው አብረን ገብተን የዚያ ሰው ቦታ እንዲሞላ እንጠይቃለን። እሳቸው አማርኛ ይናገራሉ፣ እኔ አስተረጉማለሁ። የቻላችሁ ኑ።