ሐዲዱ አለ፣ ባቡሩ የለም፤ ሐዲድ ዳር ያለ ቦታ ታዲያ ስንት ያወጣል?

«ሸዋ ሮቢት ባቡር ጣቢያው አካባቢ ቦታ ልገዛ ነበር፤ ያዋጣኛል ትላላችሁ?» ይህን የመሰለ ጥያቄ በውስጥ መስመር ሲደርሰን የመጀመሪያው አይደለም። ከአዲስ አበባም፣ ከዓረብ ሀገርም ይጠይቁናል። እስካሁን «እስቲ ትንሽ ቆዩ» እያልን ነበር የምንመልሰው። ዛሬ ለምን «ቆዩ» እንደምንል ዘርዘር አድርገን እንጽፋለን፤ ምክንያቱም ነገሩ የገዢው ብቻ አይደለም። ከገዢው ፊት ለፊት ሽንኩርት የሚያለማበትን ማሳ በደላላ ጉትጎታ ሊለቅ የሚያስብ ገበሬ አለ። ሁለቱም የሚደራደሩት ገና ባልመጣ ባቡር ላይ ነው።

መጀመሪያ ስለ መስመሩ። ከአዋሽ ተነስቶ፣ የይፋትን ቆላ አቋርጦ፣ በኮምቦልቻ በኩል ወልዲያ አጠገብ ሀራ ገበያ የሚደርሰው የባቡር መስመር ወደ 390 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ውሉ በ2004 ዓ.ም. ከቱርኩ ያፒ መርኬዚ ጋር ተፈረመ፤ ግንባታው በ2007 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ወጪው 1.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው፤ አብዛኛውም ከውጭ የተበደርነው። ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ ያለው 270 ኪሎ ሜትር ሐዲዱ ተነጥፎ፣ ምሰሶው ተተክሎ ዓመታት አልፈዋል። የጎደለው ኃይል ነው። ባቡሩ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ሆኖ ሳለ ኤሌክትሪኩ አብሮ አልደረሰለትም። በዚህ ላይ የሰሜኑ ጦርነት መጣ፤ ኅዳር 2014 ዓ.ም. ላይ ውጊያው ሸዋ ሮቢት ድረስ ዘልቆ ነበር፤ በመስመሩም ላይ ጉዳትና ዘረፋ ደረሰ። ስለዚህ ዛሬ በይፋት ያለው የባቡር መንገድ እንጂ የባቡር አገልግሎት አይደለም። የመሬት ዋጋ ላይ ደግሞ ወሳኙ ሁለተኛው ነው።

«ትራንስፖርት ዳር ያለ ቦታ ይወደዳል» የሚባለው በዓለም ብዙ ከተሞች እውነት ሆኖ ታይቷል። ግን ለምን እንደሚወደድ ካልገባን እንሳሳታለን። ሰው ጣቢያ አጠገብ ያለ ቤት በውድ የሚከራየው ሐዲድ ለማየት አይደለም። ጠዋት የምትተርፈውን አንድ ሰዓትና ከደመወዙ የማትቆረጠውን የታክሲ ብር ነው አሳልፎ ለአከራዩ የሚከፍለው። ይህ እንዲሆን ባቡሩ እዚያ ጣቢያ መቆም አለበት፣ ቶሎ ቶሎ መምጣት አለበት፣ ሰውየው ወደሚፈልገው ቦታ መሄድ አለበት። አንዱ ከጎደለ ሐዲዱ ለጎረቤቱ የሚተርፈው ማሳን ከቤት የሚለይ ረጅም ቁልል ብቻ ነው። ከብቱን ለማሻገር ዞሮ መሄድ፣ ክረምት ላይ ውሃው በየት እንደሚያልፍ መጨነቅ፤ ሌላ ምን አለው?

በዚህ ከለካነው የሸዋ ሮቢት እውነተኛ ጣቢያ ዛሬም አስፋልቱና መናኸሪያው ነው። (ሸዋ ሮቢት ሲባል ማረሚያ ቤቱ ብቻ ትዝ የሚላችሁ እንዳላችሁ እናውቃለን፤ ከተማዋ ግን ከዚያ በላይ ናት።) ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ላይ፣ በደሴው መንገድ ግራና ቀኝ የተዘረጋች ከተማ ናት፤ የቦታ ዋጋ ደረጃዋም እንደ መንገዷ ነው። አስፋልት ዳር ያለው ቦታ ሆቴል፣ ምግብ ቤት፣ ጎሚስታ፣ የሽንኩርት መጫኛ ይሆናል። ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባጃጅ በቀላሉ የሚደርስበት ለመኖሪያ ይፈለጋል። ዝናብ ሲጥል ባጃጁ «አልገባም» የሚልበት ሰፈር ደግሞ ዋጋው ወረድ ይላል። የሦስቱም አፈር አንድ ነው፣ ሙቀቱም አንድ ነው። ልዩነቱ መድረስ አለመድረሱ ብቻ ነው።

ማሳ ላይም ያው ነው። አይሱዙው እስከ ማሳው ጫፍ የሚገባለት ገበሬ ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን እዚያው ያስጭናል። የማይገባለት በጋሪ ወይ በሰው ጉልበት ያወጣል፤ ያ ወጪ ነጋዴው ከሚሰጠው ዋጋ ላይ ተቀንሶ ነው የሚመጣው። ስለዚህ መስኖ ያለው፣ መኪና የሚገባበት ማሳ ኪራዩ ከፍ ይላል። ማንም ኢኮኖሚስት ሳይነግረው የቀወት ገበሬ ይህን ያውቀዋል። የሰንበቴ ገበያም የትም አልተተከለም፤ ደገኛውና ቆለኛው፣ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ አፋሩ ሁሉ ሊደርስበት የሚችል ቦታ ላይ ነው የቆመው።

አንድ ነገር ግን እንጨምር። አስፋልትም ቢሆን ዋጋ የሚያወጣው መኪና ሲያልፍበት ነው። ባለፉት ዓመታት በጸጥታው ችግር መንገዱ ሲዘጋ አስፋልት ዳር ያለ ሆቴል እንግዳ አጥቶ የዋለባቸውን፣ የተጫነ ሽንኩርት መንገድ ላይ የበሰበሰባቸውን ቀናት የአካባቢው ሰው አይረሳቸውም።

አሁን ወደ ባቡሩ እንመለስ፤ ነገ ኃይል ተለቅቆለት ሥራ ጀመረ እንበል። ደላላው «ሰው እዚህ እያደረ አዲስ አበባ ይሠራል» ይላል። እስቲ ካርታ አውጡና እዩት። መስመሩ ጣርማ በርን ወጥቶ፣ በደብረ ብርሃን አድርጎ አይሄድም፤ ከሸዋ ሮቢት ወደ ደቡብ ወርዶ አዋሽ ላይ ከአዲስ–ጅቡቲው መስመር ጋር ነው የሚገናኘው። እስከ አዋሽ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ አለ። ከአዋሽ አዲስ አበባ ደግሞ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ። ይኼ ሁሉ ዞሮ የሚያወርዳችሁ ፉሪ-ለቡ ነው፤ ከዚያ ወደ መሀል ከተማ ሌላ ታክሲ። 225 ኪሎ ሜትሩን መንገድ ትቶ ከ300 በላይ የሚዞር መንገደኛ መንገዱ ካልተዘጋበት በቀር ብዙ አይሆንም። ከላምበረት የሚነሳው አውቶቡስ ሥራውን በባቡሩ አይቀማም።

የባቡሩ ጥቅም ጭነቱ ላይ ነው። ማሾ የይፋት ቆላ ትልቁ የውጭ ገበያ ሰብል ነው፤ በኢትዮጵያ ምርት ገበያም ይገበያያል። ዛሬ ወደብ ለመድረስ ወይ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለውን የጣርማ በርን ዳገት መውጣት፣ ወይ በኮምቦልቻና በሚሌ መዞር አለበት። ባቡር ከጀመረ ግን ከቆላው ወደ አዋሽ፣ ከአዋሽ ወደ ጅቡቲ ነው፤ ዳገት የለም። ሽንኩርትና ቲማቲሙም ድሬዳዋን በአንድ ሌሊት ማየት ይችላል። እንዲህ ከሆነ ጣቢያው አካባቢ ዋጋ የሚያወጣው ጂ ፕላስ አንድ መኖሪያ ሳይሆን መጋዘን፣ ማበጠሪያ፣ ማቀዝቀዣና የመኪና መቆሚያ የሚሆን ሰፊ ቦታ ነው። 200 ካሬ ሜትር ገዝቶ ቤት ለማከራየት የተዘጋጀ ሰው እና እዚያ ቦታ ላይ የሚመጣው ሥራ አይገናኙም።

ባቡር ከተማ ይሠራል የሚለውን እኛም አንክድም፤ ድሬዳዋ ምስክር ናት። የፈረንሳዩ ኩባንያ ከጅቡቲ ሲነሳ ሐሳቡ ሐረር መግባት ነበር። የሐረር ተራራ ወጪው ከበደና ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ሥር ቆመ። እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ድሬዳዋ በቀለች፤ ለዘመናት የንግድ ማዕከል የነበረችው ሐረር ደግሞ ንግዷ ወደ ታች ሲፈስ አየች። አዲስ አበባ ላይም «ለገሃር» የሚለው ስም ራሱ ጣቢያ ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው። ግን ልብ በሉ፤ ድሬዳዋን የሠራት ሐዲዱ ብቻ አልነበረም። የባቡሩ ጥገና እዚያ ነበር፣ ጉምሩኩ እዚያ ነበር፣ ደመወዝተኛው እዚያ ነበር። ባቡር አልፏቸው ብቻ የሄዱ ስንት ትናንሽ ጣቢያዎች እስከ ዛሬ ጥቂት ቤትና አንድ የውሃ ጋን ይዘው ቀርተዋል።

አዲሱ የጅቡቲ መስመር ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ ሥራ የጀመረው ግን በ2010 ዓ.ም. አጋማሽ አካባቢ ነው። ጣቢያዎቹ ከከተማ ወጣ ብለው ተሠሩ። ድሬዳዋ ላይ የድሮው ጣቢያ መሀል ከተማ ከዚራ ነው፤ የአዲሱ ዳር ነው። ስለዚህ ተሳፋሪው ባቡሩን ለማግኘት ሌላ ትራንስፖርት ይፈልጋል፤ ጣቢያው ዙሪያም ከተማ እንደ ድሮው በራሱ አልበቀለም።

የአዲስ አበባው ቀላል ባቡርም ብዙ ያስተማረን ነገር አለ። ሥራ የጀመረው መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሲሆን፣ በጠቅላላው የተሠራው ለሁለት መስመር፣ ለ39 ጣቢያና ለ41 ባቡር ነው። ግንባታው ሲካሄድ መንገድ ዳር ያሉ ሱቆች ገበያ ቀዘቀዘብን ሲሉ ነበር። ካለቀ በኋላም ሐዲዱ በምድር በሚሄድበት ቦታ ፊት ለፊት ያለ ሱቅ ለመድረስ ሩቅ መዞር መጣ። ጣቢያ አጠገብ ያለው ሲጠቀም በሁለት ጣቢያ መሀል ያለው ተጎዳ፤ ሁለቱም ግን «ባቡር ዳር» ነው የሚባሉት። በኋላ ደግሞ በመለዋወጫ እጥረት አብዛኞቹ ባቡሮች የቆሙበት ጊዜ መጣ። አያት ኮንዶሚኒየም የሚከራይ ሰው መጀመሪያ «ትራንስፖርት እንዴት ነው?» ብሎ ነው የሚጠይቀው፤ አከራዩ «ባቡር አለ» ቢለው «በስንት ደቂቃ ይመጣል?» ማለቱ አይቀርም። የሸዋ ሮቢቱም ቦታ ገዢ ይህንኑ መጠየቅ ነው ያለበት።

እስካሁን ያወራነው ስለ ገዢው ነው። ገበሬውስ?

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ገበሬው ይዞታው ላይ የመጠቀም፣ የማውረስ፣ በሕጉ ልክ የማከራየት መብት አለው። ሐዲዱ ሲዘረጋ ይሠራ የነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997 ነው። በዚያ አዋጅ መሬቱ ለዘለቄታው የተወሰደበትና ምትክ ያላገኘ ገበሬ፣ መሬቱ ላይ ካለው ንብረት ካሳ ሌላ፣ ባለፉት አምስት ዓመታት በአማካይ በዓመት ያገኘው ገቢ በአሥር ተባዝቶ ይከፈለው ነበር። በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 አሥሩ አሥራ አምስት ሆነ፤ ስሌቱም ከሦስት ዓመቱ ከፍተኛውን ገቢ የሚይዝ ሆኗል። መሻሻል ነው። ነገር ግን ሁለቱም የሚቆጥሩት ምርቱን ነው፤ ስንት ኩንታል ሽንኩርት፣ ስንት ኩንታል ማሾ። ያ መሬት ነገ ጣቢያ አፋፍ ላይ የሚገኝ መሆኑ ስሌቱ ውስጥ የለም። ማለትም ባቡሩ የሚያመጣው ተጨማሪ ዋጋ ከገበሬው ከተነጠለ በኋላ የሚወለድ ነው። ያንን የሚያገኘው በሊዝ የሚያስተላልፈው ከተማ፣ ወይም መጀመሪያ የደረሰ ባለ ገንዘብ ነው።

ለዚህ ነው ደላላው ገበሬው ጋ ቀድሞ የሚሄደው። ወሬው «መንግሥት ሳይወስድብህ በፊት ሽጥ» የሚል ነው። ሽያጩ ሕገ ወጥ ስለሆነ ወረቀቱ የብድር ውል ወይም ስጦታ ይመስላል። ገበሬው ከምርት ስሌቱ የተሻለ ጥሬ ብር ይዞ ይወጣል፤ እውነት ነው፣ ለዚህም ነው የሚፈተነው። መስኖ የጠጣ ማሳ ግን በዚያ ብር ተመልሶ አይገዛም። ገዢውም አልተረፈም፤ ነገ ቦታው ለልማት ቢፈለግ ካሳው የሚሄደው ሕጉ ለሚያውቀው ባለይዞታ ነው። ያለ ፈቃድ የተሠራ የጨረቃ ቤት ደግሞ ካሳ የለውም።

የሆንግ ኮንግ ምድር ባቡር ድርጅት ነገሩን የያዘው በሌላ መንገድ ነው። ጣቢያ ላይና ዙሪያ የማልማት መብትን ባቡሩ ሳይመጣ በነበረው ዋጋ ከመንግሥት ይወስዳል፤ ባቡሩ ሲመጣ በጨመረው ዋጋ ያለማል፣ በትርፉ ሐዲድ ይሠራል። እኛ ጋ ሆንግ ኮንግን መቅዳት ቅዠት ነው፤ ሐሳቡ ግን ቅዠት አይደለም። ጭማሪው የሕዝብ ብድር የፈጠረው ከሆነ ከፊሉ ለብድሩ፣ ከፊሉም መሬቱን ለለቀቀው ገበሬ መመለስ ይችላል። ለምሳሌ ጣቢያው ዙሪያ መጋዘን ሲሠራ ለተነሱ አባወራዎች ድርሻ መስጠት ይቻላል፤ ያ ገበሬ ከዘበኝነት የተሻለ ነገር ይገባዋል። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ለከተሞች ዋጋ ላይ ተመሥርቶ የመሰብሰብ በር ከፍቷል። የተሰበሰበው የት እንደሚሄድ ግን ገና ብዙ የሚያነጋግር ነው።

እና የጠየቃችሁን ወገኖች፣ መልሳችን ይኼ ነው። ቦታው ከተማ ክልል ውስጥ ነው ወይስ የገጠር ይዞታ? ከተማ ከሆነ ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ፕላኑን አሳዩን በሉ፤ ለመኖሪያ ነው ወይስ ለመጋዘን የተመደበው? ከሐዲዱ ወሰን ምን ያህል ይርቃል? ከአስፋልቱስ? ክረምት ላይ ባጃጅ ይገባል? የገጠር ይዞታ ከሆነ ደግሞ መግዛቱን ተዉት፤ ማልማት ከፈለጋችሁ ከገበሬው ጋር በወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት በተመዘገበ የኪራይ ውል ሂዱ። «ባቡሩ በዚህ ወር ይጀምራል» የሚላችሁ ካለ ኤሌክትሪኩ በየትኛው ጣቢያ እንደተለቀቀ ጠይቁት። ከዚያ በፊት ግን ካርታው በማን ስም እንደሆነ ያሳያችሁ፤ ስለ ባቡሩ ቀጥሎ ይወራል።