ቤትን አስከትሎ ቁልቁል መውረድ

በቅርቡ ለዚህ አምድ ከደረሱት ደብዳቤዎች መካከል የአንድ ጡረተኛ የሃምሳ አለቃ ባለቤት የጻፉልን ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ አሳስቦናል። ወይዘሮዋ እንደገለጹልን፣ በሐርጌሳ ከተማ በንግድ ሥራ የሚኖሩት ወንድማቸው አንድ ሃይሩፍ መኪና ገዝተው፣ የኋላ ወንበሮቹን አስወልቀው፣ አልጋና የጋዝ ምድጃ አስገጥመውበታል። አሁን ቤተሰቡ በሙሉ፣ አራት ልጆች ጭምር፣ በዚሁ ተሽከርካሪ ቤት ከሐርጌሳ እስከ በርበራ ባሕር ዳርቻ ሊጓዝ ተነሥቷል። የውኃው በርሜል፣ ፍራሹና የቀረው ጓዝ በባለሁለት ጎማ ተሳቢ ተጭኖ ከኋላ ይከተላል። የወይዘሮዋ ጥያቄ አጭር ነው፦ «ሞተሩ ብርቱ ነው ይሉኛል፤ ታዲያ ይበቃል ወይ?»

መልሳችን «አይበቃም» የሚል ነው። ብርቱ ሞተር ጭነትን ከቆመበት ያነሣል እንጂ ሲንደረደር አያስቆምም። ሐርጌሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ስትሆን፣ በርበራ ግን ከባሕሩ ጠርዝ ላይ ናት። በመካከላቸው ያለው 160 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ እንግዲህ ሲሄዱ መውረጃ፣ ሲመለሱ መውጫ መሆኑ ነው። ሲሄዱ የሚፈተነው ፍሬኑ ነው፤ ሲመለሱ የሚፈተነው ራዲያተሩ ነው። ሞተሩ ምን ያህል ብርቱ እንደሆነ ከመጠየቅ በፊት፣ የሚጎትተውን ሁሉ ማቆም ይችል እንደሆነ መጠየቅ ይገባል።

ቤትን ይዞ መጓዝ ለዚያ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። አቃል የሚባለው የሶማሌ አርብቶ አደር ቤት ከተጎበጡ እንጨቶችና ከምንጣፍ የሚሠራ ሲሆን፣ የሚያቆሙትም የሚያፈርሱትም ሴቶች ናቸው። ፈርሶ በግመል ላይ ሲጫን ግራና ቀኙ ካልተመዛዘነ መንገዱ እንደማይያዝ የቤቱ እመቤት ጠንቅቃ ታውቃለች። በእኛም አገር በጣሊያን ወረራ ዘመን የገቡት፣ ሕዝቡ «ትሬንታ ኳትሮ» እያለ የሚጠራቸው ፊያት 634 የጭነት መኪናዎች ሾፌሩ የሚያድርበት መኝታ በጋቢናቸው ውስጥ የነበራቸው ይገኙባቸው ነበር። (ፍሬኑ፣ ካምቢዮው፣ ባልስትራውና ኩሽኔታው እስከ ዛሬ በጣሊያንኛ ስማቸው የሚጠሩልንም ከዚያው ዘመን የተነሣ ነው።) ዛሬም የተሳቢ ሾፌሮቻችን ጋቢናቸው ቤታቸው ነው።

ከአቃሏ እመቤት የምንማረው የአጫጫን ጥበብ ነው። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል ሲሞላ ሦስት ጎልማሶች ከእነ ልብሳቸው በተሳቢው ላይ እንደ ተቀመጡ ይቆጠራል። ግማሽ የሆነ በርሜል ደግሞ ከሙሉው ይብሳል፤ ውኃው በየኩርባው እየተንጓለለ ተሳቢውን ይገፋዋልና። ውኃ መያዝ ካስፈለገ በባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች ሞልቶ፣ ከወለሉ ላይ፣ ከተሳቢው ጎማዎች በላይ በመካከል አስሮ ማስቀመጥ ይመረጣል። ከባዱ ዕቃ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ ይሁን። ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከመቶ አሥር ያህሉ ደግሞ በመጎተቻው መንጠቆ ላይ ማረፍ አለበት፤ መንጠቆው ከሚፈቅደው ልክ ግን አይለፍ። ይህን ለመለካት የእህል ነጋዴ ሚዛን ተበድሮ የተሳቢውን አፍንጫ ማሳረፍ ይበቃል። ከኋላ የከበደ ተሳቢ ፍጥነት ሲጨምር እንደ ውሻ ጅራት መወዛወዝ ይጀምራል፤ ብዙ መኪና የሚገለበጠውም በዚህ ነው።

መወዛወዝ ከጀመረ ሾፌሩ ፍሬን አይርገጥ፤ መሪውንም ግራና ቀኝ እያጠማዘዘ አያሳድደው። እግሩን ከነዳጅ መስጫው ቀስ አድርጎ ያንሣ፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ ይያዝ፤ ፍጥነቱ ሲቀንስ ተሳቢው በራሱ ይረጋል። ከዚያም ቆሞ ጭነቱን እንደ ገና ያስተካክል። ወይዘሮዋ በደብዳቤያቸው ተሳቢው የራሱ ፍሬን ይኑረው አይኑረው አልነገሩንም። በአውሮፓ ሕግ የራሱ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከነጭነቱ ከ750 ኪሎ እንዲበልጥ አይፈቀድለትም፤ እኛም ቁጥሩን ለሐርጌሳ መንገድ እንዲሁ እንዲጠብቁት እንመክራለን። ከመንጠቆው ሌላ ሁለት ሰንሰለቶች በመስቀል ተጣምረው ከሥር ይታሰሩ፤ መንጠቆው ቢከዳ ተሳቢው አስፋልቱን እንዳይወጋ ይደግፉታል።

ስለ ቁልቁለቱ የምንለው የቆየ የሾፌሮች ደንብ ነው፤ ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው መኪናም ቢሆን የዝቅተኛ ማርሽ ቦታ አለውና ሾፌሩ ከመውረዱ በፊት ወደዚያ ያስገባ። ፍሬንን ያለማቋረጥ ይዞ መውረድ ሸራውን ያግለዋል፤ የጋለ ሸራ መያዙን ይተዋል። ከዚህ የሚብሰው ዘይቱ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየሩ እርጥበት እየጠጣ ይኖራል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን ይህ ልክ እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ሲፈላ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃልና ፔዳሉ እስከ ወለሉ ድረስ ባዶውን ይሄዳል። ያን ጊዜ ልጆቹ ከኋላ ተኝተዋል። ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው ዘይቱ መቼ እንደ ተለወጠ ማወቅ ስለማይችል፣ ከጉዞው በፊት ያስለውጠው፤ ከዚያ በኋላም በየሁለት ዓመቱ። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ቆሞ፣ በጎማዎቹ ሥር ታኮ አድርጎ፣ በነፋስ እስኪበርድ ይጠብቅ። ውኃ ማፍሰስ ግን ክልክል ነው፤ የጋለው ብረት ይሰነጠቃል።

ለረጅም ጊዜ ቆሞ የከረመ ተሳቢ ኩሽኔታው ግራሶ ያንሰዋል። ይህን ለማወቅ መካኒክ አያስፈልግም። ከሐርጌሳ ከወጡ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቆም ብሎ የእጅን ጀርባ ወደ ጎማው መካከል ማስጠጋት ነው። ሁለቱ እኩል ሞቅ ያሉ ከሆነ ደኅና ነው፤ አንዱ ከሌላው ተለይቶ የሚፋጅ ከሆነ ግን ወደ ከተማው መመለስ ይሻላል።

ጎማን በሚመለከት ብዙዎች በጥርሱ ይታለላሉ። ተሽከርካሪ ቤት ጥቂት ሄዶ ብዙ ስለሚቆም፣ ጎማው ሳይበላ በፀሐይ ያረጃል። በጎማው ጎን ላይ በተጻፉት ፊደሎች መጨረሻ አራት ቁጥሮች አሉ። 3521 ከሆነ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ስድስት ዓመት ያለፈውን በየጊዜው ማስመርመር፣ አሥር የሞላውን ጥርሱ ምንም ያህል ያማረ ቢሆን መጣል ይገባል። የጎኑን መሰንጠቅም ተንበርክኮ ማየት ነው። እስኮርታ ጎማውም ከዚሁ ምርመራ አያመልጥ፤ የተሳቢው እስኮርታ ከመኪናው ስለሚለይ እርሱም ለብቻው መያዝ አለበት። ነፋስ የሚለካው ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ነው። በርበራ አጠገብ በበጋው ሙቀት ጎማው ቢጠጥር፣ ያ የሙቀቱ ሥራ ነውና ነፋስ እንዳይለቀቅ።

የራዲያተሩን ነገር ለወይዘሮዎቻችን ማስረዳት ቀላል ነው። የሐርጌሳ ውኃ ከጉድጓድ የሚወጣ ሲሆን፣ እንዲህ ያለ ውኃ በማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ሲያበጅ ያላየ የለም። ያው ቅርፊት በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ሲጋገር ውኃው መዘዋወሩን ያቆማል። ስለዚህ ለመኪናው የተጣራ ውኃ ከማቀዝቀዣ ፈሳሽ ጋር ቀላቅሎ መሙላት ያስፈልጋል። በሐርጌሳ ከፍታ ክፍት ድስት በ96 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ በራዲያተር ውስጥ ከ100 በላይ ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ አፍኖ ስለያዘው ነው። የሞቀ ራዲያተር ክዳን የከፈተ ሰው ፊቱን የሚቀቀለውም ለዚህ ነው። የአየር ማራገቢያውን የሚያዞረው ቺንጋ ከተሰነጠቀ ይለወጥ፤ አንድ ትርፍ ቺንጋም ከወንበር ሥር ይኑር።

አሁን መኪናው ቆሞ ሌላ መኪና ሊጎትተው ቢመጣስ? በዚህ ላይ ረዘም አድርገን እንጽፋለን፤ ምክንያትም አለን። ከዓመታት በፊት ከጅጅጋ በስተምሥራቅ በሚወስደው መንገድ አንድ የቆመ ፒካፕ ለመርዳት ስንል የብረት ገመድ በፊት መከላከያው ላይ አሰርን። መጎተቻ ቀለበቱን ጎንበስ ብሎ ለመፈለግ ሰነፍን፤ ጥፋቱ የእኛው ነው። መኪናችን ሲነሣ መከላከያው ተነቅሎ ከነገመዱ እንደ ጅራፍ ተወርውሮ የኋላ መብራታችንን ከነሳጥኑ አፈረሰው። በዚያው ቦታ ላይ ከጥቂት ጊዜ በፊት የፒካፑ ባለቤት ትንሽ ልጅ ቆሞ ያይ ነበር። እናቱ ውኃ አምጣ ብለው ስለ ጠሩት ብቻ ተረፈ። ከዚያን ቀን ወዲህ ገመድ ከመወጠሩ በፊት ሰው ሁሉ ከገመዱ ርዝመት በላይ ሳይርቅ አንጎትትም፤ በገመዱም መካከል ብርድ ልብስ ወይም ጆንያ እናንጠለጥላለን፤ ቢበጠስ ወደ ምድር ያወርደዋልና።

የተጎታች መኪና ሾፌር ቁልፉን ከፍቶ ይያዝ፤ አለዚያ መሪው ይቆለፋል። ሞተሩ ስለማይሠራ ፍሬኑ ከሁለት ሦስት ርግጫ በኋላ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፣ መሪውም ይከብዳል፤ ይህን ሳያውቅ የሚይዝ ሰው ይደነግጣል። ገመዱ እንዳይላላ በፍሬን እየገታ መከተል ያለበት ከኋላ ያለው ነው። ገመድ ለሜዳ፣ ለአጭር መንገድና ለዝግተኛ ጉዞ ብቻ ነው። በቁልቁለት ላይ የብረት ዘንግ ወይም የጭነት መኪና ጀርባ ያስፈልጋል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው መኪና ደግሞ የሚነዱት ጎማዎች መሬት ነክተው ሊጎተት አይገባውም፤ የካምቢዮውን ዘይት የሚያዘዋውረው ፖምፓ በሞተሩ ኃይል የሚሠራ ስለሆነ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ሲጎተት ካምቢዮው ያለ ዘይት ይፋጫል። በፊት ጎማ የሚነዳ ከሆነ ፊቱ ይነሣ፣ በኋላ ከሆነ ኋላው፤ በአራቱም ከሆነ ሙሉ በሙሉ ይጫን።

አንድ ነገር የሐርጌሳ ብቻ ነው። በዚያ ከተማ እንደ እኛው ቀኝ ተይዞ ይነዳል፤ ሆኖም አብዛኞቹ መኪናዎች ከጃፓን በዱባይ በኩል የሚገቡ ያገለገሉ በመሆናቸው መሪያቸው በቀኝ ነው። ሾፌሩ ከመንገዱ ዳር በኩል ስለሚቀመጥ፣ ከፊቱ ያለውን የጭነት መኪና ለመቅደም ሲያስብ ከወዲያ የሚመጣውን አያይም። የሚያየው በግራ ወንበር የተቀመጠው ሰው ነው። እንግዲህ ወይዘሮዋ በዚያ ወንበር ከተቀመጡ፣ «ይመጣል» ወይም «ባዶ ነው» የሚለውን ቃል ከወንድማቸው ጋር ከመነሣት በፊት ይስማሙበት። ተሳቢ ያስከተለ መኪና ለመቅደም ረጅም መንገድ እንደሚፈልግም አይዘንጉ። ሲጠራጠሩ ዝም አይበሉ፤ «ቆይ!» ይበሉ።

ለማደሪያ ቦታ ሲፈልጉ ደረቁ የወንዝ አሸዋ ለጥ ብሎ ያማልላል። በሶማልኛ እንዲህ ያለው ደረቅ ወንዝ «ቶግ» ይባላል፤ የቶጎ ውጫሌ ስም መነሻም ይኸው ነው። በላይኛው አገር የዘነበ ዝናብ እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ በሌሊት ይደርሳል፤ ስለዚህ ከፍ ባለው ዳርቻ ላይ እንጂ በአሸዋው ላይ አይታደር።

ማታ ቡና መፈላቱ አይቀርም፤ እኛም አንከለክልም። ነገር ግን የከሰል ምድጃ ወደ መኪናው ውስጥ አይግባ፤ ፍሙ ጭስ ባይኖረውም የሚያወጣው ጋዝ ቀለምም ሽታም ስለሌለው የተኛውን ሰው ሳያነቃ ይገድላል። ብርድ ቢሆንም ብርድ ልብስ ይጨመር። የምግብ ማብሰያው ጋዝ ደግሞ ከአየር ስለሚከብድ ካፈተለከ በወለሉ ላይ፣ ልጆቹ በሚተኙበት በኩል ይጠራቀማል። መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊትና ከመተኛት በፊት የሲሊንደሩ ራስ ይዘጋ። የቱቦው መጋጠሚያ በሳሙና አረፋ ይፈተን፤ አረፋው ከተነፋ ያፈሳል።

በደብዳቤው ጥግ ላይ ወይዘሮዋ በእርሳስ አንድ ነገር ጨምረው ነበር፤ መኪናው ስለጠበበ ሁለቱ ወንዶች ልጆች በተሳቢው ላይ ከፍራሹ ጋር ሸራ ለብሰው ቢሄዱ ምን አለበት ይላሉ። አይቻልም። በመንገድ ላይ ሳለ በተሳቢ ውስጥ ሰው አይቀመጥም፤ ልጅም ቢሆን፣ ቁልቁለቱም ቢያልቅ፣ ከተማው ቢቀርብም። ቦታ ከጠበበ በርሜሉ ሐርጌሳ ይቅር። ውኃ በርበራም ይገዛል።