ይድረስ ለኢተሬተር

በአርክጂአይኤስ ሞዴል ቢልደር ውስጥ አንድን ሥራ በየፋይሉ ለምትደጋግመው ለኢተሬተር፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል ብዬ አልጀምርም። አትታመምም፣ አትሰለችም፤ ደብዳቤውንም ያጻፈኝ ይኸው ነው።

ሥራችንን ታውቀዋለህ። ቺርፕስ የተባለው የዝናብ መረጃ እ.ኤ.አ. ከ1981 ይጀምራል። እስከ 2020 መጨረሻ ያለውን በየወሩ ከወሰድነው 480 ራስተር (የፒክስል ካርታ) ነው። እያንዳንዱን በኢትዮጵያ ወሰን መቁረጥ፣ የየወረዳውን አማካይ ዝናብ ማስላት፣ ሰንጠረዡን ስም ሰጥቶ ማስቀመጥ፤ ሥራው ይህ ብቻ ነው። ለአንድ ወር ሲሠሩት እንዲያውም ደስ ይላል። ለ480 ወር በእጅ ሲሠሩት ግን የቱ እንደተቆረጠ፣ የቱ እንደቀረ ይምታታል። አንተ ፎልደሩን ከፍተህ አንዱን ራስተር ታወጣለህ፣ ለመቁረጫው ለክሊፕ ታቀብላለህ፣ ሰንጠረዡ ሲወጣ ወደሚቀጥለው ታልፋለህ።

ብዙዎች የሚያወድሱህ በፍጥነትህ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ራስተሩ ሲከብድ አንተም ታዘግማለህ። የማመሰግንህ ስለማታዳላ ነው። ከ1977 ዓ.ም. ረሃብ በፊት የከሸፈውን ክረምትና የ2007 ዓ.ም. የኤልኒኖ ክረምት ጎን ለጎን ማየት የምንችለው ሁለቱም በአንድ ሚዛን ሲለኩ ብቻ ነው። አንዱን ጠዋት በነቃ ዓይን፣ ሌላውን ማታ እያዛጋን ሠርተን የፒክስሉ መጠን ወይም የአቆራረጡ ምርጫ ትንሽ ቢለያይ፣ ልዩነቱ ከሰማይ ይምጣ ከእጃችን ማን ይለየዋል? አንተ ግን የመጀመሪያውን ወር እንደሠራኸው 480ኛውንም እንደዚያው ትሠራለህ።

ደግሞም ወሰን አይቆምልንም። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ክልል ሆነ፤ በ2014 ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተከተለ፤ በ2015 ማዕከላዊ ኢትዮጵያና ደቡብ ኢትዮጵያ ተመሠረቱ። ሁሉም የወጡት ከቀድሞው የደቡብ ክልል ነው። የክልል አማካይ ለሚያወጣ ሰው የአርባ ዓመቱ ሰንጠረዥ በአዲሱ ካርታ እንደገና ይሠራ ማለት ነው። አንተ ያለህበት ሞዴል ተቀምጦ ከሆነ ግን የወሰኑን ሼፕፋይል ቀይሮ «ራን» ማለት ይበቃል። ክልሎቹ ሲጨመሩ ሻይ እየጠጣ ዜና የሚሰማ የጂአይኤስ ባለሙያ ካየህ፣ ያንተ ውለታ አለበት።

ጠባይህ ግን ቀላል አይደለም። የውጤቱ ስም ውስጥ፣ በሁለት የፐርሰንት ምልክቶች መሀል፣ ያንተን ተለዋዋጭ ካላስገቡልህ እያንዳንዱን ሰንጠረዥ በቀደመው ላይ እየጻፍክ ትሄድና በመጨረሻ የመጨረሻውን ወር ብቻ ታስረክባለህ። በአንድ ሞዴል ውስጥም ሁለት ሆነህ አትገባም። በየዓመቱም በየክልሉም መዞር የፈለገ ሰው አንዱን ሞዴል በሌላው ውስጥ መክተት አለበት። ይህ ሕግህ ያናድደኝ ነበር፤ አሁን እወደዋለሁ። የቱ ዙር ከውጭ፣ የቱ ከውስጥ እንደሚሆን ሳልወስን እንድጀምር አትፈቅድልኝምና።

አንድ ነገር ግን ከአንተ አልጠብቅም፦ የጎደለውን እንድትነግረኝ። የቺርፕስ ፒክስል ጎኑ 5 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ስለሆነ ስፋቱ 30 ካሬ ኪሎ ሜትር አካባቢ ይደርሳል፤ የአዲስ አበባው አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ደግሞ 10 ካሬ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። በወረዳዎች ፈንታ ክፍለ ከተሞችን ሰጥቼህ የፒክስል መሀል ያልገባበት ቢኖር ከሰንጠረዡ ሊቀር ይችላል፤ አንተም ምንም ሳትል 480 ጊዜ ታልፈዋለህ። ስለዚህ ሥራህን ስትጨርስ መጀመሪያ የማደርገው የሰንጠረዡን መስመሮች ከክፍለ ከተሞቹ ቁጥር ጋር ማመሳከር ነው። ለዚያ የሚሆን ጊዜ የተረፈኝም በአንተ ነውና እግዜር ይስጥልኝ።

አክባሪህ