ከሰሉና ቁጥሩ

እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ኬሚስትሪ ብዕር ስናነሣ «እናንተን ምን አገባችሁ?» የሚሉን አይጠፉም። የሚያገባንማ በ9ኛና በ10ኛ ክፍል ሁላችንም አብረን ስለተማርነውና ፈተናውን እንደወጣን ስለረሳነው ነው። በተለይም የኦክሲዴሽን ቁጥር የሚባለውን። ኦክሲጅን −2፣ ሃይድሮጅን +1፣ ብቻውን ያለ ንጥረ ነገር 0፣ የውሁዱ ድምር 0፤ ይህን እንደ ዳዊት ደግመነዋል። ኦክሲጅን ለምን −2 እንደሆነ ግን ስንቶቻችን ጠየቅን?

ነገሩ የሒሳብ መዝገብ ነው። ሁለት አቶሞች ኤሌክትሮን ሲጋሩ፣ አጥብቆ የሚስበው ሁሉን እንደወሰደ አድርገን እንመዘግባለን። ኦክሲጅን ብርቱ ሳቢ ስለሆነና ሁለት ኤሌክትሮን ስለሚጎድለው −2 ይጻፍለታል። በሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ውስጥ ግን ኦክሲጅን ከኦክሲጅን ጋር ተያይዟልና አንዱ ከሌላው አይወስድም፤ ስለዚህ −1 ይሆናል። ሕጉን የሸመደደ ተማሪ ይህን ለብቻው ሌላ መስመር አድርጎ ይሸመድዳል፤ ምክንያቱን የያዘ ግን ራሱ ይደርስበታል።

በአዊ ይህ ሸክም ይከብዳል። ልጁ በአንደኛ ደረጃ በአዊኛ ተምሮ፣ በገበያ አማርኛ ሰምቶ፣ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ኬሚስትሪውን በእንግሊዝኛ ይቀበላል። መምህሩ ከሰሌዳው ላይ ቀና ብሎ በመስኮት ቢያሳየው ግን ምሳሌው ደጅ ላይ ነው። ቀዩ አፈር የብረት ኦክሳይድ ያቀላው ነው፦ ሦስት ኦክሲጅን −6 ሲሆኑ ሁለቱ ብረቶች +6 ይካፈላሉ፤ እያንዳንዱ +3። ውኃ በተኛበት ረግረግ አየር ሲጠፋ ብረቱ ወደ +2 ይወርድና መሬቱ ይገረጣል። (ለአሲዳማው ማሳ የሚበተነው ኖራ ግን የአንዱንም ቁጥር አይለውጥም፤ ሁሉም ኬሚካዊ ለውጥ ኦክሲዴሽን ነው የሚል ካለ እዚያ ይሳሳታል።)

ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ ግን ከሰል ነው። ከዳንግላ ወደ እንጅባራ በሚወስደው መንገድ፣ በአዲስ ቅዳም አካባቢ በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ገበሬው በማሳው ላይ ዲከረንስ ተክሎ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ቆርጦ ያከስለዋል፤ ከሰሉም እስከ አዲስ አበባ ይጫናል። የእንጨት ዋና ክፍል የሆነው ሴሉሎስ ስድስት ካርቦን፣ አሥር ሃይድሮጅን፣ አምስት ኦክሲጅን እየሆነ የሚደጋገም ነው። ሃይድሮጅኑ +10፣ ኦክሲጅኑ −10፤ ለካርቦኑ በአማካይ የሚደርሰው 0 ነው። ከሰሉም ካርቦን ነውና 0። እንግዲህ ማክሰል ማለት በግርድፉ ውኃውን ማስወጣት መሆኑን ቁጥሩ ራሱ ይነግረናል። ክምሩ በአፈር የሚለበጠውም ካርቦኑ ኦክሲጅን አግኝቶ ከ0 ከፍ እንዳይልና አመድ ብቻ እንዳይቀር ነው። አክሳዩ ይህን ሥራ ያለ ሰሌዳ ያውቀዋል።

ከሰሉ በምድጃ ሲነድ ካርቦኑ ወደ +4 ከወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆነ ማለት ነው። አየር ካነሰው ግን መንገድ ላይ በ+2 ይቀራል፤ ይህም ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፤ በደም ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክሲጅን ይልቅ ከሁለት መቶ እጥፍ በላይ አጥብቆ ይያያዛል። እንጅባራ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ያላት ብርዳም ከተማ ናት። በኪራይ ክፍል የሚኖር ተማሪ ማታ «ጢሱ ወጥቶለታል፣ ፍሙ ብቻ ነው» ብሎ ምድጃውን ያስገባና በሩን ይዘጋል። ገዳዩ ጢሱ የሚመስለው ብዙ ነው፤ በዚህም ምክንያት በየጊዜው በአገራችን ተኝተው የሚቀሩ አሉ። ያ ተማሪ ምናልባት በፈተና ላይ የካርቦንን ቁጥር በሁለቱም ውሁዶች በትክክል አስልቶ ሙሉ ነጥብ አግኝቷል። +2 ማለት ገና ኦክሲጅን የሚፈልግ፣ ያላለቀ ቃጠሎ መሆኑን የነገረው ግን አልነበረም።

በእኛ አስተያየት የኦክሲዴሽን ቁጥር ትምህርት ከከሰል ምድጃ መጀመር አለበት፤ ፖታሲየም ፐርማንጋኔትና የማንጋኒዝ +7 በኋላ ይደርሳሉ። ለሳይንስ ፋኩልቲ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም አንድ ጥያቄ እናቀርባለን፦ ክረምቱ ሳይገባ በአዊኛና በአማርኛ አንድ ገጽ ጽፋችሁ ስጡን። ማባዛቱንና በየኪራይ ቤቱ በር ላይ መለጠፉን እኛ እንወስዳለን።