ስሜንን ሳናይ ትምህርታችንን አንጨርስ

«በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ይላሉ አባቶቻችን። እኛ የጎንደር ተማሪዎች ስለ ስሜን ተራራዎች ያለን አሳብ ይህን ተረት ያስታውሰኛል። እንግዳ ሲመጣብን የፋሲልን ግንብ፣ ጥምቀተ ባሕሩንና ደብረ ብርሃን ሥላሴን እያዞርን እናሳያለን። ከከተማችን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ስለሚገኘው ተራራ ቢጠይቀን ግን አብዛኞቻችን የምንነግረው በወሬ የሰማነውን ነው። በክፍላችን «ስሜንን በዓይኑ ያየ ማን ነው?» ብዬ ብጠይቅ እጃቸውን ያነሡት ከአንድ እጅ ጣቶች አልበለጡም። ይህ በእኔ አስተያየት የሚያሳፍር ነው፤ ከማሳፈሩም በላይ ጉዳት አለው።

እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ካላዩት ወገን ነበርሁ። በአንድ የትምህርት ዕረፍት ደባርቅ የሚኖሩትን አጎቴን ልጠይቅ ሄድሁ። አውቶቡሱ በኮሶዬ፣ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አልፎ ደባርቅ አደረሰን። በማግሥቱ አጎቴ ከአንድ የፓርክ ጠባቂ ጋር ሆነው ወደ ሳንቃበር ወሰዱኝ። ከገደሉ አፋፍ ላይ ስቆም ጉልበቴ ከዳኝ። ከእግሬ በታች አሞራ ይዞራል፤ ከዚያም በታች አምባው ከአምባ ጀርባ እየተደረደረ እስከ ቆላው ድረስ ይታያል። ጭላዳዎች በመንጋ ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ፤ ሰው ቢጠጋቸውም አይደነግጡም። ጨነቅ ስንደርስ ደግሞ ቀንዱ ወደ ኋላ የተቆለመመ አንድ ወንድ ዋልያ ፍየል በማይደፍረው ቋጥኝ ላይ ቆሞ አየሁ። ይህ እንስሳ ከስሜን በቀር በዓለም ላይ በየትም ዱር አይገኝም።

በልቤ የቀረው ግን አንድ እረኛ ነው። ዕድሜው አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። በጎቹ ሊያልፉ ሲሉ እየሮጠ ይመልሳቸዋል። «ከማዶ የተሻለ ሣር አለ፤ ለምን አታሻግራቸውም?» አልሁት። «አይፈቀድም፤ የዋልያ ነው» አለኝ። አጎቴም ወደ እኔ ዞር ብለው «አንተ አይተህ ትሄዳለህ፤ የሚከፍለው እርሱ ነው» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ቃል ከአእምሮዬ አልጠፋም።

አጎቴ እውነታቸውን ነበር። የስሜን ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በአዋጅ ተቋቋመ። በ1970 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ስሜን ከላሊበላ ጋር አብሮ ተመዘገበ። ነገር ግን እርሻውና ግጦሹ እየበዛ፣ ዋልያውም እየቀነሰ ስለ ሄደ በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተራ ገባ። ከዚህ ስም የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው። ለመውጣቱ ምክንያት ከሆኑት ነገሮች አንዱ በ2008 ዓ.ም. የግጭ መንደር ሰዎች የአባቶቻቸውን ቤት ለቀው ወደ ደባርቅ መዛወራቸው ነው። እኛ ስለ ስሜን ክብር በደስታ ስንናገር ያን ክብር ገብስ ዘርቶ የሚኖር ደገኛ በርስቱ እንደ ከፈለው ማስታወስ ይገባናል።

ሌሎች አገሮችስ ይህን ነገር እንዴት አድርገውታል? በደቡብ ፈረንሳይ ሴቬን የሚባል ተራራማ አገር አለ። እዚያም ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው በእኛው አቈጣጠር በዚያው በ1962 ዓ.ም. ነው፤ ጽሕፈት ቤቱም ፍሎራክ በምትባል ትንሽ ከተማ በአሮጌ ግንብ ውስጥ ነው። በሴቬን ግን ሰዎች በፓርኩ እምብርት ይኖራሉ፤ በበጋ በጎቻቸውን እየነዱ ወደ ተራራው ይወጣሉ። ዩኔስኮም በ2003 ዓ.ም. አገሩን የመዘገበው ስለዚሁ የእረኝነት ኑሮ ብሎ ነው። ጎብኚው የሚሄደው ተራራውን ከነሰዉ ለማየት ነው።

ይህን ስል ከብቱ ሁሉ ተመልሶ ፓርኩን ይውረረው ማለቴ አይደለም። የስሜን መሬት ጠባብ ነው፤ ሕዝቡም ብዙ ነው። የዋልያው ቁጥር ቀድሞ ከ800 በላይ ደርሶ እንዳልነበረ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ወደ 300 ገደማ ወርዷል፤ ስለዚህ ጥበቃው ሊላላ አይገባም። የምለው ጠባቂ በጠመንጃ ብቻ የሚጠብቀው ተራራ አይዘልቅም ነው። በ2011 ዓ.ም. በስሜን እሳት በተነሣ ጊዜ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤልም ባለሙያዎች እስኪመጡ ድረስ ከእሳቱ ጋር ሲታገል የነበረው የአካባቢው ሕዝብ ነው። ተራራውን የሚያድነው ጎረቤቱ ከሆነ ጎረቤቱ ከተራራው መብላት አለበት።

የእኛ ድርሻ እዚህ ላይ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በጦርነትና በጠብ ምክንያት የውጭ አገር ጎብኚ ቀንሷል፤ በቅሎ አከራዩና መንገድ መሪውም እንጀራቸው ጐድሏል። የባዕድ አገር ሰው ሲቀር የአገር ልጅ ካልተተካ ደገኛው «ዋልያው ምን ጠቀመኝ?» ቢል ማን ይፈርድበታል?

ስለዚህ እንዲህ ቢደረግ እላለሁ። መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ እያንዳንዱ ተማሪ ትምህርቱን ከመጨረሱ በፊት አንድ ጊዜ ስሜንን ይይ። ወጪው እንዲቀል በማኅበር ሆነን እንሂድ፤ በደባርቅ እንደር፤ መንገድ መሪውን፣ በቅሎውንና ስንቁን ከዚያው ሰው እንግዛ። ከደባርቅ ተማሪዎች ጋርም እንነጋገር፤ ከግጭ የተዛወሩት ሰዎች እንዴት እንደሚኖሩም እንጠይቅ። ወላጆቻችን ሆይ፣ ይህን ገንዘብ የጨዋታ ወጪ አድርጋችሁ አትቍጠሩብን። መምህሮቻችንም በጥቁር ሰሌዳ ላይ የምትሥሉልንን ተራራ በእግራችን እንድንረግጠው አድርጉን።

ነገ ከእኛ መካከል አንዳንዱ ሹም፣ አንዳንዱ መሐንዲስ፣ አንዳንዱ ዳኛ ይሆናል። ስለ ስሜን የሚወስነው ያ ሰው በልጅነቱ ዋልያውንም እረኛውንም ያየ እንዲሆን እመኛለሁ።