ሐይቁ የዋጠው ከተማ

በሰሜን ጃፓን የሆካይዶ ደሴት ነባር ሕዝብ የሆኑት አይኑዎች፣ በፉንካ ባሕረ ሰላጤ «አኮሮካሙይ» የሚባል እጅግ ግዙፍ ቀይ ኦክቶፐስ እንደሚኖር ይተርካሉ። በዚያው ባሕር ክንዶቹን ሲዘረጋ ከ4 ሜትር በላይ የሚሰፋ እውነተኛ ኦክቶፐስ ይገኛል። ስለዚህ ተረቱ ከባዶ አልተነሣም፤ የታየውን አገዘፈው እንጂ።

በጎብዬና በቆቦ ሜዳ ባሕር የለም። ይሁን እንጂ ከራያ ሜዳ በላይ፣ በኮረም አጠገብ የሚገኘው የአሸንጌ ሐይቅ በፈጣሪ ቁጣ አንድ ታላቅ ከተማ እንደዋጠ ይነገራል። ከደሴ በስተ ሰሜን ስላለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ሐይቅም፣ አንዲት ልዕልት በነፍሰ ጡር ሴት ላይ በደል በመፈጸሟ ምድሩ ውኃ ሆነ፣ ሴቲቱ የተቀመጠችበት ቦታ ብቻ ተረፈ ይባላል። በእነዚህ ተረቶች የሚውጠው አውሬ ሳይሆን ውኃው ራሱ ነው።

እንዲህ ያለውን ትረካ አንዳንዶቻችን እንስቅበታለን፤ ሌሎቻችን እንዳለ እንቀበለዋለን። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ከምርምር ያርቁናል። አሸንጌ ውኃው በገጸ ምድር የሚወጣበት መፍሰሻ የሌለው ሐይቅ በመሆኑ፣ ዝናብ ሲበዛ ይሞላል፣ ሲያንስ ይጎድላል። ከወለሉ የተወሰደው ደለል ሲመረመርም ከ17,000 እስከ 16,000 ዓመት ገደማ በፊት ውኃው እጅግ ዝቅ ብሎ እንደነበር ታውቋል። ሐይቁ መስፋቱና መጥበቡ እንግዲህ እውነት ነው። ከተማ ሰጥሟል ለማለት ግን የግንብ ፍራሽ ወይም የሸክላ ስብርባሪ ከወለሉ መገኘት አለበት።

ጉዳዩ የተረት ብቻ አይደለም። በራያ ሜዳ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ፣ በምዕራብ ተራሮች የጣለው ዝናብ ደረቁን የወንዝ አሸዋ ተከትሎ በድንገት ጎርፍ ሆኖ ይደርሳል። መለኪያ ባልተተከለበት ወንዝ ዳር፣ ውኃው ቀድሞ የት ድረስ እንደሞላ የሚያውቁት አዛውንቶች ናቸው። ይህ ትውስታ ሳይጻፍ ከጠፋ፣ ነገ ቤትና መንገድ የሚሠራ ሰው የጎርፉን መንገድ በጎርፉ ይማራል።

ስለሆነም ተማሪዎች በዕረፍት ጊዜያቸው ደብተር ይዘው አዛውንቶችን ይጠይቁ እንላለን። ማን፣ የት፣ መቼ እንደተናገረ ይመዝግቡ፤ የታየውን ከተባለው ይለዩ፤ ከዚያም ቦታው ድረስ ሄደው ይለኩ። ተረት የጥያቄ መነሻ ነው፤ መልሱን ማግኘት የእኛ ፋንታ ነው።