የሚዝገው ታንክ

«የልጅ ልጄ በካርቶን የሠራውን ታንክ ቀለም ቀብቶ ካሳመረው በኋላ መልሶ ያቆሽሸዋል፤ ምን ነካብኝ?» ሲሉ አንዲት የሰፈራችን አያት ጠየቁኝ። ምንም አልነካውም። (ደግሞስ ጠመንጃ ያዥ ተወልዶ ታንክ ቢወድ ምን ይገርማል?) በሌላው ዓለም አዋቂዎች ሳይቀሩ ትንሿን ተሽከርካሪ ጦር ሜዳ የዋለች ለማስመሰል ወራት ይፈጃሉ።

ሥራው ማስተዋልን ይጠይቃል። ቀለም የሚላጠው ወታደሩ እየረገጠ በሚወጣበት ጠርዝና በክዳኑ ዙሪያ ነው። ዝገቱን ዝናብ ወደ ታች ይስበዋል። ሰንሰለቱ ቆሞ ሲከርም ይዝጋል፣ ሲሄድ ግን መሬት እየፈተገው ያበራል። ጎማ አይዝግም። የእኛንም ታሪክ ያስታውሷል፦ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የራስ እምሩ ሰዎች ሽሬ ውስጥ ደምበጊና ላይ የጣሊያንን ትናንሽ ታንኮች ገጥመዋል። ታንኮቹ ሁለት ሰው የሚይዙ፣ ሦስት ቶን ያህል የሚመዝኑ ነበሩ፤ መትረየሳቸው ወደፊት ብቻ ስለሚያይ ጎናቸውና ጀርባቸው ለጥቃት ክፍት ነበር። እንግዲህ ልጁ ጭረቱን የት እንደሚያበዛ ከዚህ ይረዳል።

እኔን የሚያሳስበኝ ዝገቱን ከምን እንደሚሠራው ነው። «እውነተኛ ዝገት» ፍለጋ የአሮጌ በርና የቆርቆሮ አጥር ቀለም የሚፍቁ ልጆች አሉ። አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። የደብተሩን እርሳስ ማለቴ አይደለም፤ እሱ ግራፋይት ነው፣ እንዲያውም ጫፉን በታንኩ ጠርዝ ላይ ቢያሹት የብረት መልክ ይሰጣል። የምፈራው ማዕድኑን፣ ሊድ የሚባለውን ነው። ብናኙ በእጅና በአፍ ገብቶ የልጅን አእምሮ ይጎዳል፣ ትምህርት መቀበሉን ያደክማል፣ ምልክት ሳያሳይም ሊቆይ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የለውም የሚባል መጠን አላገኘለትም። አገራችንም በቀለም ውስጥ ከ90 ፒፒኤም እንዳይበልጥ የሚያዝ ደንብ አላት፤ የድሮው በር ግን ከደንቡ በፊት የተቀባ ነው።

ታዲያ ምን ይጠቀም? የተነፋ ቀይ አፈር ከኮላ ጋር ቢለወስ ጭቃ ይሆናል። የደረቀ የቡና አተላ መንኮራኩሩ ሥር ሲለጠፍ ያምራል። ለጥላሸቱ የከሰል ዱቄት እርጥብ አድርጎ ይቀባ። ለዝገቱ ቡናማ የውሃ ቀለም በቁራጭ ስፖንጅ ነክሮ፣ አብዛኛውን ወረቀት ላይ ጠርጎ፣ ጠርዙን ነካ ነካ ማድረግ ይበቃል። ቲነርና ቤንዚን አያስፈልጉትም። የሚረጭ ቀለም ካማረውም ትልቅ ሰው ደጅ ላይ ይርጭለት፤ የአፍ መሸፈኛ ማስክ አቧራ ቢቀንስም የቲነርን ትነት አያግድም። ከጦር ሜዳ የመጣ ስብርባሪ ግን በምንም ምክንያት ቤት አይግባ፤ ያልፈነዳ ነገር ሊኖርበት ይችላል።

ጣቱ በሱፐር ግሉ ቢጣበቅ አይጎትቱት፣ ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ውስጥ ይዘፍዝፈው። ራሱን ካመመው ወይም ካዞረው ወደ ንጹሕ አየር ያውጡት። ቲነር ወይም ቤንዚን ከዋጠ አታስመልሱት፣ ወተትም አትጋቱት፤ ዕቃውን ይዛችሁ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።